ተነቦልኝ ፈርሜአለሁ

ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነበር። አንደኛው አባት፣ እናትና ልጅ የሚበሉበት፣ የሚተኙበት፣ የሚኮራረፉበትና የሚታረቁበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ "እንግዳ ቢመጣ" ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ይኖራል። እንግዳ ግን አይመጣም፤ ቢመጣም እናት የምታስቀምጠው ኩሽና ውስጥ ነው፣ ጨዋታው ያለው እዚያ ነዋ። እናም አንዲቷ ልጃቸው ከምትሠራበት ትልቅ የጥብቅና ቢሮ ወጥታ "ብቻዬን ልሠራ ነው፤ የራሴን ቢሮ ልከፍት ነው" ያለች ዕለት፣ እናት "ብቻሽን? ያን ሁሉ ነገረኛ ብቻሽን ልትችዪው?" ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። አባት ግን ተነሥቶ ወደ ተቆለፈው ክፍል ገባና በመንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ በጣቱ ቆረቆረው። "በር ይወጣዋል" አለ። በሁለተኛው ሳምንት በር ወጣው።

ደስ የሚል ቤት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ወደ ኋላ ስናለቅስ እንዳንረሳው ብዬ ነው።

አባትን ሠፈሩ ሁሉ "ጋሽ ቀለም" እያለ ነው የሚጠራው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከአንዲት ጥቁር ጃንጥላ ሥር፣ አንድ እግሯ ካጠረ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ኖሯል። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ቀለም ከመጠጣቱ የተነሣ በየትኛውም ሳሙና አይለቅም። ከሥራ የተባረረ፣ ባሏ የከዳት፣ ጎረቤቱ አጥር የገፋበት ሁሉ ፊቱ ተቀምጦ እንባውን ያፈሳል፤ እሱ ደግሞ ያንን እንባ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ በመስመር ያስቀምጠዋል። ከሌሎቹ ጸሐፊዎች የሚለየው ግን አንድ ነገር ነበረው። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ለባለጉዳዩ አይሰጥም። ከርዕሱ እስከ ቀኑ ድረስ ጮክ ብሎ ያነብለትና መነጽሩን አውልቆ "ቃልህ ነው?" ይለዋል። ሰውየው "ቃሌ ነው" ካላለ ብዕር አያስይዘውም። አንዱ እንዲያውም የድብደባ ክስ አራት ጊዜ አስጽፎት፣ በአምስተኛው ሲነበብለት አንገቱን ደፍቶ "ኧረ ጋሽ ቀለም፣ እውነት ለመናገር ቀድሜ የመታሁት እኔ ነኝ" ብሎ ክሱን ትቶ ቤቱ ገብቷል።

ልጅቱ የተማረችው በዚያች ጠረጴዛ ነው። ደብተሯም ጫማዋም የወጣው ከዚያች ጃንጥላ ሥር ነው። የሕግ ተማሪ ሳለች ግን ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች ተደረደሩ፤ ሰዉም ጃንጥላዋን አልፎ መሄድ ጀመረ። ጋሽ ቀለም አልተማረረም። አንድ ሰኞ ጧት ጃንጥላውን አጠፈ፣ ጠረጴዛውን በጀርባው አዝሎ ቤቱ ገባ፣ ከዚያም መስኮት ሥር ተቀምጦ መንገደኛ ሲቆጥር ይውል ጀመር። ሥራ የፈታ ሽማግሌ ቤት ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ እናት ታውቃለች። በቀን አሥር ጊዜ "እስኪ እግርህን ሰብስብልኝ" እያለች በሆዷ ግን ታለቅስለት ነበር።

አዲሱ በር ሲከፈት ያች ጠረጴዛ የጠበቃዋ ጠረጴዛ ሆነች፤ ላጠረው እግሯም የታጠፈ ወረቀት ተደረገላት። ጃንጥላዋ ጥጉ ላይ ቆመች። በሩ አጠገብ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር ተቀመጠና "ይኼ ያንተ ነው፣ አባዬ" ተባለ። ጠበቃም እሷ፣ ጸሐፊም እሷ፣ ተላላኪም እሷ፣ ወለል ወልዋይም እሷ ነበረች። ፕሪንተሩ ወረቀት ውጦ አልተፋም ሲል በጡጫ ትደልቀዋለች፤ እናት ከጓዳ "ማነው የሚደበደበው? ጠበቃ ይፈልግ ይሆናል" ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በሩን ገፍቶ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም የመጣው ጫማ ጠጋኙ ወዴት እንደሄደ ሊጠይቅ ነው።

"አባዬ፣ ተሳስቼ ይሆን?" አለችው አንድ ከሰዓት በኋላ።

"እኔ ጃንጥላዬን የዘረጋሁ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት የመጣብኝ ዝናብ ብቻ ነው" አላት። "ታገሺ።"

ታገሠች። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የመጡት እሷን ብለው ሳይሆን "ጋሽ ቀለም እዚህ ነው አሉ" እያሉ ነው። እሷ ታዳምጣለች፣ ትጽፋለች፣ ታትማለች፤ አባት ከወንበሩ ሆኖ ለባለጉዳዩ ያነባል፣ "ቃልሽ ነው?" ይላል። ሰው እንደዚህ ተከብሮ አያውቅማ! የራሱን ነገር በሚያምር ድምፅ ሲሰማው እንደገና ሰው የሆነ ይመስለዋል። ወሬው ከሠፈር ሠፈር ሄደ። ልጅቱም ኮርታ ከቢሮዋ በሚወጣ ወረቀት ሁሉ ግርጌ አንድ መስመር ማተም ጀመረች፦ "ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።" የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ "የሚያነቡት ቢሮ" ይሏት ነበር። ከዓመት በኋላ ወረፋው ከበሩ ወጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ይቆም ጀመር።

ይሁንና አንባቢ ሆይ፣ አባት አያነብም ነበር...

ዓይኑ መጨለም የጀመረው መስኮት ሥር በተቀመጠባቸው ዓመታት ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ መሐሉ ደፈረሰ። ቢሮዋ በተከፈተች በዓመቷ ፊደል የሚባል ነገር ለእሱ በነጭ ላይ የተደፋ ግራጫ ውሃ ሆኖ ነበር። ይህን የምታውቀው እናት ብቻ ናት። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አንድ ቀን ጋዜጣ ይዞ ሲያነብ አየችው፣ ጋዜጣው ላይ ያለው ሰውዬ በጭንቅላቱ ቆሟል። ቀስ ብላ ጋዜጣውን ከእጁ ወሰደች፣ ገለበጠችና መልሳ አስያዘችው።  በማግሥቱ እናት "እኔስ ከማን አንሼ ነው? ቢሮው ውስጥ ሥራ ይሰጠኝ" ብላ ስቴፕለሩን ተረከበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንኛውም ወረቀት፣ የቢሮዋ ምልክት የሆነችው የሚዛን ሥዕል የታተመችበት የላይኛው ጫፍ ግራው ላይ በሽቦ ሳይነከስ ወደ አባት እጅ አይሄድም። አባት ሽቦዋን በአውራ ጣቱ ይዳስስና ራሱን ከግርጌው ይለያል። የቀረውን ጆሮው ያውቀዋል፤ ባለጉዳዩ ለልጅቱ ሲናገር ወንበሩ ላይ ሆኖ የሰማው ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ብሶት የለመደ ጆሮ ደግሞ አንዲት ቀን አያዛንፍም።

ለምን ደበቀ? ለምንስ ሐኪም ቤት አልሄደም? አንድ ጊዜ ከሥራው ተነሥቶ ጠረጴዛውን አዝሎ የገባ ሰው ሁለተኛ መነሣትን ይፈራል። "አታይም" ከተባለ ያቺ የበር ወንበር ትቀራለች፣ መስኮቱ ሥር ይመለሳል። እናትም "እሺ፣ የዘንድሮን ብቻ" እያለች ሸፈነችለት። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

አንድ ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ቀጭን፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጇን በእጇ የያዘች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ሞተ። አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላው የባሏ ወንድም መጥቶ "ቤቱ የወንድሜ ነው፣ ልጅቷ የእሱ አይደለችም፣ ውጪ" አላት። ልጅቱ የተወለደች ለት ሹፌሩ ሩቅ መንገድ ላይ ስለነበር የልደት ወረቀቷ ላይ የአባት ቦታ ባዶ ቀርቷል፤ ነገ ዛሬ ሲሉ ሞት ቀደማቸው። አሁን ያላት ቃሏና ጎረቤቶቿ ብቻ ናቸው። ያንን ሁሉ ለጠበቃዋ ስትነግር አባት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት።

ጠበቃዋ በዚያ ጧት ሁለት ችሎት ነበራት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ከጥቂት ወራት በፊት ልጅ ለሌላት ለአንዲት መበለት የጻፈችውን አቤቱታ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተችና በላዩ ላይ ጻፈችበት። ስሙን ለወጠች፣ ቀኑን ለወጠች፣ የቤቱን ቁጥር ለወጠች። አራተኛውን አንቀጽ ግን ዓይኗ ዘለለው። "አራተኛ፤ ከሟች ባለቤቴ ጋር በጋብቻ በኖርንበት ዘመን ልጅ አልወለድንም" እንደሚል ቀረ። አተመችው፣ እናት ነከሰችው፣ አባት ተቀበለው። ሽቦዋን ዳሰሰና በዚያ በሚያምር ድምፁ አሰማ፦ "አራተኛ፤ ከሟች ባለቤቴ ጋር በጋብቻ በኖርንበት ዘመን አንዲት ሴት ልጅ ወልደናል። ልጅቱ የተወለደችው በዝናብ ቀን ጧት ሲሆን አባቷ በሦስተኛው ቀን ደርሶ አቅፏታል።" ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ጠበቃዋም ቦርሳዋን እያዘጋጀች በግማሽ ጆሮ ሰማችው፤ ሊሰማ የሚገባው ነገር ስለተሰማት ልቧ አረፈ።

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው፣ አባባ።"

ፈረመች።

በቀጠሮው ቀን የወንድምየው ጠበቃ፣ አንድ ባለወርቅ መነጽር ሰው፣ ምስክር እንኳ አልጠራም። ተነሣና አራተኛውን አንቀጽ ብቻ አነበበ። ደግሞም አነበበው። ከዚያ ጣቱን ወደ ግርጌው አወረደና "ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ ይላል፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ልጅ እንዳልወለደች በፊርማዋ የነገረችን ራሷ ናት" አለና ተቀመጠ።  ይኼኔ ትንሿ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጎትታ ጠየቀች።

"እማዬ፣ እኔ የማን ልጅ ነኝ አሉ?"

ምን ይመለስላታል? የትኛው የሕግ መጽሐፍ ለዚህ መልስ አለው? ጠበቃዋ "የጽሕፈት ስሕተት ነው፣ ይታረምልኝ" ብላ አመለከተች። ዳኛው ግን የግርጌውን መስመር ደጋግመው አዩና "ስሕተት ቢሆን ሲነበብላት አትሰማም ነበር?" አሉ። ለሁለት ሳምንት ቀጠሩት። ደጅ ላይ ልብስ ሰፊዋ ልጇን አቅፋ ቆማ ነበር፤ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም።

"ባሌን እኔ ቀበርኩት" አለች። "የልጄን አባት ግን እናንተ ናችሁ የቀበራችሁት።"

በሳምንቱ ለጠበቆች ዲሲፕሊን ኮሚቴ አቤቱታ ገባ። "ጠበቃዋ ከወንድምየው ጋር ተመሳጥራ ነው" ይላል። ወረፋው ከመንገዱ ጠርዝ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ባዶ ወንበር ተመለሰ። ሐሜት እግር የለውም የሚል ካለ ያቺን መንገድ አላየም።

ጠበቃዋ ከችሎቱ የተመለሰች ለት ያደረገችውን ግን ልንገራችሁ። ያንን ወረቀት አባቷ ጭን ላይ አኖረችው።

"አባዬ፣ አራተኛውን አንብብልኝ።"

አባት ሽቦዋን ዳሰሰ። ጉሮሮውን ጠረገ። "አራተኛ፤ ከሟች ባለቤቴ ጋር በጋብቻ በኖርንበት ዘመን አንዲት ሴት ልጅ..."

"ታሾፍብኛለህ?" አለችው። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። "አንተ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥከው ለማንበብ ነው። ማንበብ ካቃተህ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።  አባት ተነሣ፤ ግድግዳውን እየተደገፈ ጥጉ ድረስ ሄደ፣ ጃንጥላውን ብድግ አደረገና በውስጠኛው በር ወደ ጓዳ ገባ። መስኮቱ ሥር ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። እናት ስቴፕለሩን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር።

"አላሾፈብሽም፣ ልጄ" አለቻት። "አባትሽ ፊደል ካየ ሁለት ዓመት አለፈው።"

ልጅቱ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ጧት ጧት "ፀሐዩ ወጥቷል?" የሚለው፣ ኩባያ ሲቀበል እጁን ቀድሞ የሚዘረጋው፣ እናቷ ያንን ስቴፕለር እንደ ሕፃን ይዛ የምትዞረው... ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። አብራው በአንድ ቤት የኖረች፣ በአንድ ገበታ የበላች፣ የሌላውን ሰው ነገር ሁሉ አየሁ ብላ ጥብቅና የቆመች ልጅ፣ የገዛ አባቷን ዓይን አላየችም! ደግሞስ ያንን አንቀጽ የተወው ማን ነው? እሷ አይደለችም? የራሷን ጥፋት አንሥታ የማያይ ሰው ጭን ላይ አኖረችው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እናት ፀጉሯን እየደባበሰች "እኔም አለሁበት፣ እኔም አለሁበት" ትል ነበር።

ሲረጋጉ ወደ መስኮቱ ሄደችና እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው አባዬ። ሄጄ ፍርድ ቤት እናገራለሁ። ፈቃዴን ቢወስዱት ይውሰዱት።"

"የግርጌውን መስመር ማን ያፈርሰዋል?" አላት አባት።

 መልሱን ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀው ነው ያልተናገረችው።

"አንባቢው እኔ ነኝ። አላነበብኩም ብዬ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።"

"እዚያ በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠሃል። ከዘበኛው እስከ ዳኛው የማያውቅህ የለም። እዚያ ቆመህ ማንበብ አልችልም ልትል?"

"አሁን ልጅ ለእናቷ ምጥ ልታስተምር ነው?" አለና ፈገግ አለ። "ስንት ሰው ውርደቱን ተሸክሞ መጥቶ ለእኔ ነግሮኛል መሰለሽ። እኔም አንድ ቀን ልናገር እንጂ። ደግሞ ጠበቃ ምስክሯን አትደብቅም።"

በቀጠሮው ቀን የክት ሸሚዙን እናት ቆለፈችለት። በሩ ላይ ዘበኛው "ጋሽ ቀለም! ጠፋህ እኮ" ብሎ እጁን ጨበጠው። ደረጃውን በልጁ ክንድ ተደግፎ ወጣ። ማለ። ባለወርቅ መነጽሩ ገና ከመጀመሪያው "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አባት ለልጁ ሊዋሽ ነው የመጣው፤ ትናንት ሲያነብ የነበረ ሰው ዛሬ ዕውር ሆንኩ ቢል ማን ያምነዋል?" ሲል ተቃወመ። ዳኛው ከፊታቸው ካለው ክምር አንዲት ነጠላ ወረቀት መዘዙና በጸሐፊዋ እጅ ላኩለት።

"እስኪ አባት፣ ይህቺን ያንብቡልን።"

አባት ተቀበለ። አውራ ጣቱ ወደ ግራ ጥግ ሄደች። ምንም የለም። ወደ ቀኝ ሄደች። ምንም። በአራቱም ማዕዘን ዞረች፤ ያች በቀለም የጠቆረች ሌባ ጣት ተከትላት ዞረች። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያቺን ጣት ያይ ነበር፤ ለግማሹ ሰው ማመልከቻውን የጻፈችለት ጣት ናት። በመጨረሻም ወረቀቱን ከፊቱ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ገልብጦ።

"ክቡር ፍርድ ቤት" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይቺ ወረቀት ሽቦ የላትም። ሽቦ ከሌላት ራስና ግርጌዋን አላውቀውም።"

ከኋላ አንድ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ፤ ዘበኛው ነው። ባለወርቅ መነጽሩ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች፤ እንደ ጠበቃ ማልቀስ አይፈቀድላትም፣ እንደ ልጅ ደግሞ አለማልቀስ አልቻለችም።

"ታዲያ ለዚች ሴትዮ ምን ነበር ያነበቡላት?" አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"የነገረችንን ነው። ልበለው?"

"ይበሉት።"

አለው። ከአንደኛ ጀምሮ፣ የተጋቡበትን ቀን፣ የቤቱን ቁጥር፣ ሹፌሩ ከመሄዱ በፊት በር ላይ የተናገረውን፣ በዝናብ ቀን ጧት የተወለደችውን ልጅና በሦስተኛው ቀን ደርሶ ያቀፋትን አባት፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ እስከ ቀኑ ድረስ አለው። ሲጨርስ የሌለ መነጽር ሊያወልቅ እጁን ወደ ፊቱ አነሣ፤ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ አለችበት ብሎ ወዳሰበበት ዞረ።

"ቃልሽ ነው፣ ልጄ?"

"ቃሌ ነው፣ አባባ" አለች ልብስ ሰፊዋ። 

አቤቱታው እንዲታረም ተፈቀደ። ጎረቤቶች ቀርበው መሰከሩ፤ ከሦስት ወር በኋላ ትንሿ ልጅ የአባቷ ልጅ መሆኗ ተወሰነ፣ ቤቱም ጸናላት። ኮሚቴው "ተመሳጥራ ነው" የሚለውን ጣለው፤ ለግድየለሽነቷ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ያንን ማስጠንቀቂያ ምን አደረገችው? በመስተዋት አስገብታ ከፈቃዷ ጎን ሰቀለችው። እናት "ሰው የሽልማት ወረቀት ይሰቅላል፣ የእኛዋ ስድቧን ትሰቅላለች" ብላ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ አሮጌ መዝገብ ከፍታ በላዩ አልጻፈችም።

ዓይኑን ሐኪም ያየው ከዚያ በኋላ ነው። "ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢመጣ እናድነው ነበር" አለ ሐኪሙ። እነዚያ ሁለት ዓመታት... ወንበሯን ላለማጣት ዓይኑን የሰጠባቸው ዓመታት! እናት ደረቷን መታች። አባት ግን ከሐኪም ቤቱ ሲወጡ የልጁን ክንድ ይዞ "ወንበሬ አለች?" ብቻ ነው ያለው።

"አለች፣ አባዬ።"

"በቃ።"

ሥራው ተገላበጠ። አሁን የምታነበው ልጅቱ ናት፤ የሚሰማው እሱ። አንድ ወረቀት ከቢሮዋ ከመውጣቱ በፊት፣ የተከሳሽ መልስም ይሁን የውል ረቂቅ፣ በባለጉዳዩ ፊት ጮክ ብላ ታነበዋለች። አባት በየአንቀጹ መጨረሻ "እሺ" ይላል። ያልተባለ ነገር ከገባ "ቆይ፣ ሰውየው እንዲህ አላለም" ይላል፤ የተባለ ከቀረ "አንድ ነገር ጎድሎሻል" ይላል። ስንት ጥፋት በዚያ ጆሮ ተያዘ! ወረፋው ተመለሰ፣ የመንገዱንም ጠርዝ አልፎ እስከ ጫማ ጠጋኙ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ለወንበሩ ሰማያዊ ልባስ ሰፍታ አመጣች፤ ትንሿ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብቅ እያለች የንባብ መጽሐፏን ታነብለታለች፣ እሱም "ቃልሽ ነው?" ሲላት "አይ፣ የመጽሐፉ ነው" እያለች ታስቀዋለች። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ደስተኛ የነበሩ ሰዎች ናቸው ብዬ ብናገር ማንም ውሸታም አይለኝም።

የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ባለጉዳይ የሌለበት ሰዓት። ለሰበር ችሎት የምታቀርበው ረዥም አቤቱታ ነበራት፤ አሥራ አራት አንቀጽ። አባት ወንበሩ ላይ ነው፣ እጁ ሰማያዊው ልባስ ላይ። "ሰባተኛ" አለች፤ አነበበች፤ "እሺ" አለ። "ስምንተኛ" አለች፤ አነበበች፤ "እሺ" አለ፣ ቀሰስ ብሎ። "ዘጠነኛ" አለች፤ አነበበች።

እሺ የሚል ጠፋ።

ቀና አለች። ፊቱ ላይ የማዳመጥ መልክ እንዳለ ነው። ያቺ የጠቆረች ጣት ብቻ ከወንበሩ ክንድ ላይ ተንሸራታ ወርዳለች። አወቀች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሷ አልጮኸችም። አባቷ በሕይወቱ አንድም ወረቀት ከመሐል ትቶ አያውቅም። ወደ ወረቀቷ ተመለሰች፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገችና አሥረኛን አነበበች፤ አሥራ አንደኛን፣ አሥራ ሁለተኛን... እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ቀለሙን ሲያደበዝዘው በቃሏ እየሞላች እስከ ቀኑ ድረስ አነበበች። ከዚያ ለንባብ የምታደርገውን መነጽሯን አወለቀች።

"ቃልሽ ነው?" አለች፣ በእሱ አነጋገር።

"ቃሌ ነው፣ አባዬ" አለች፣ በራሷ። ፈረመች። ከዚያ በኋላ ነው እናቷን የጠራችው።

የሰው ዕጣ ገና ሳይወለድ ተጽፏል ይላሉ። ተጽፎ ከሆነ፣ እንደዚያ ያለ ጨካኝ ጸሐፊ የለም፤ ሳያነብልን ነው የሚያስፈርመን። ጋሽ ቀለም አስቀድሞ ተነቦለት ቢሆን ኖሮስ? ከጃንጥላው እንደሚነሣ፣ ዓይኑ እንደሚጠፋ፣ በሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ፊት ወረቀት ገልብጦ እንደሚቆም፣ በመጨረሻም የልጁን ድምፅ እየሰማ እንደሚያርፍ አንድ በአንድ ቢነበብለትና "ቃልህ ነው?" ቢባል ምን ይመልስ ነበር? እኔ እንጃ። እናት ግን አትጠራጠርም። "ቃሌ ነው ይል ነበር እንጂ" ትላለች፤ ይህን እያለችም ዛሬ የታተመውን ወረቀት ታነሣለች፣ የሚዛኗን ሥዕል ወደ ላይ ታደርጋለች፣ ግራ ጥጉንም በሽቦ ትነክሰዋለች።